ቤቷ እያለ ሆቴል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ያደግሁት ግን ድሬዳዋ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስላረፈች የአባቴ እህት ናት ያሳደገችኝ። ከአራት ልጆቿ ለይታኝ አታውቅም። ለሰው ስታስተዋውቀኝ ‹‹ልጄ ናት›› ነው የምትለው። እኔም ‹‹እማ›› ነው የምላት።

ካገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ከባለቤቴ ጋር ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ልንሄድ አስበናል። ለገብርኤል የምነግረው ጉዳይ አለኝ። በዚያውም ድሬ አምስት ሌሊት ልናድር ነው። ባለቤቴ ድሬን አይቷት አያውቅም። አክስቴንም ያያት ለሠርጋችን አዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ብቻ ነው።

ጭንቀቴ ማደሪያው ነው። የአክስቴ ቤት ቀፊራ አካባቢ ነው። ለቁልቢ ሰሞን በሰው ይሞላል። ከአዲስ አበባም ከጅግጅጋም ዘመድ ይመጣል፤ ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው። ለእኛ የራሷን መኝታ ቤት እንደምትለቅልን አውቃለሁ። ጉልበቷን እያመማት መሬት ልትተኛ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ሰው የበዛበት ቤት እንቅልፍ አይወስደውም። እስካሁን ልጅ ስላልወለድንም የሰው ጥያቄ አለ።

ስለዚህ ከዚራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሆቴል ያዝን። ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ግቢዋ ዛፍ አለው። ከአሮጌው ለገሃር በእግር ይደረሳል። አክስቴ ቤትም በባጃጅ ሩቅ አይደለም። የአንድ ሌሊት ቀብድ ልከናል። ለአክስቴ ግን አልነገርኳትም። ባለፈው ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ አመለጠኝ። ‹‹አቦ ምን ነካሽ? እማ ብትሰማስ? ቤቷ እያለ ሆቴል? ጎረቤቱ ምን ይላታል?›› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ባለቤቴን ስጠይቀው ‹‹አንቺ የወሰንሽው ይሁን›› ይለኛል፤ ሆቴሉን እንደሚፈልግ ግን ፊቱ ይናገራል። ልሰርዘው? ወይስ ዝም ብዬ ሄጄ እዚያው ልንገራት?

የድሬ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ የድሬ ልጅ፣ ሆቴሉን አትሰርዢው። ቢያንስ ዛሬ አትሰርዢው። ለታኅሣሥ 19 ሰሞን ድሬ ላይ የተገኘ ክፍል አንዴ ከተለቀቀ ተመልሶ ማግኘቱ ከባድ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ክፍሉን ይዘሽ ብታስቢ ይሻላል።

‹‹ሄጄ እዚያው ልንገራት›› ያልሽውን ግን ተይው። ወሬው ከእጅሽ ወጥቷል። የአክስትሽ ልጅ ምስጢር ጠባቂ ብትሆን እንኳ በዚያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ የሚውለው ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርት ሲላጥ፣ እንጀራ ሲጋገር የማይወራ ነገር የለም። አክስትሽ ነገሩን ከሌላ አፍ ከሰማችው ምክንያትሽ የቱንም ያህል ቢያምር አይገባላትም። እስቲ ራስሽን በእሷ ቦታ አድርጊ። የቱ ይብስብሻል? ልጅሽ ሌላ ቦታ ማደሯ ወይስ ከሰው ሁሉ መጨረሻ መስማትሽ? እኔን ሁለተኛው ነበር የሚያመኝ።

‹‹ጎረቤቱ ምን ይላታል›› የሚለው ነገር አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ሲታይ ተራ ይመስል ይሆናል። ለእሷ ተራ አይደለም። አራት ልጆች ይዛ አምስተኛ ስትጨምር ያ ሁሉ ጎረቤት አይቷል። ‹‹ምን አስጨነቀሽ›› ያላትም አይጠፋም። አሁን ያቺ ልጅ ባሏን ይዛ እየመጣች ነው። ይህ የእሷ ቀን ነው። በበሯ ስትገቢ መታየት አለብሽ። ባልሽም ገበታዋ ላይ ተቀምጦ፣ ‹‹ብላ እንጂ›› እየተባለ መታየት አለበት። ሌሊት የት እንደተኛችሁ ቆሞ የሚያይ ግን የለም። መፍትሔሽም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑን ለእሷ ስጫት፣ ሌሊቱን ለራሳችሁ አስቀሩት።

ትንሽ ወደ ውስጥ ልግባ፤ ካስከፋሁሽ ይቅርታ። ስለ ፍራሹ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ አክስትሽ ጉልበት ዘርዝረሽ ጽፈሻል። ስለ ልጁ ጥያቄ ግን አንድ መስመር ብለሽ አለፍሽ። ለገብርኤል የምትነግሪው ጉዳይ ምን እንደሆነ አልጻፍሽም፤ እኔም አልጠይቅሽም። ይህን ብቻ ለራስሽ መልሺ፦ ቤቱ ባይሞላ፣ መጸዳጃ ቤቱም ሁለት ቢሆን ኖሮ ሆቴሉን ትፈልጊው ነበር? ‹‹አዎ›› ካልሽ ነገሩ ከአልጋ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ‹‹ምነው፣ እስካሁን?›› ሲሉሽ ፈገግ ብለሽ ትውያለሽ። ማታ ቁልፍ አዙረሽ ያን ፈገግታ የምታወልቂበት ክፍል ያስፈልግሻል። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ቅብጠት አይደለም። ሳሎን ሙሉ ዘመድ ተኝቶ ማልቀስም ሆነ ከባል ጋር በሹክሹክታ መነጋገር አይቻልም።

‹‹አንቺ የወሰንሽው ይሁን›› የሚለው የባለቤትሽ መልስ ከጨዋነት የመጣ ይመስለኛል። ሸክሙን ግን አንቺ ላይ ጥሎታል። አንድ ማታ ረጋ ብለሽ ጠይቂው፦ የሚከብደው ሌሊቱ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል መዋሉ? ሌሊቱ ከሆነ ሆቴሉ ይበቃል። ቀኑ ከሆነ በመሃል ዘወር የሚልበት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ እሱን ከታች እነግርሻለሁ። እሱም በበኩሉ ምን እንደሚችል ይንገርሽ። ‹‹ምሳ በየቀኑ አክስትሽ ጋ እበላለሁ›› ካለሽ ትልቅ ነገር ሰጠሽ ማለት ነው።

አደራሽን፣ ለአክስትሽ ስትነግሪ እሱን ምክንያት አታድርጊው። ‹‹ሰው ሲበዛ አይወድም›› የምትል ቃል ከአፍሽ ከወጣች ባልሽ ገና ድሬ ሳይገባ ‹‹ኩሩው አማች›› ተብሎ ይጠብቃል። እናንተ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ስሙ እዚያው ይቀራል። ‹‹መሥሪያ ቤቱ ነው የከፈለልን›› ዓይነት ውሸትም ይቅር፤ የአክስትሽ ልጅ እውነቱን ታውቃለች።

ስልኩን ራስሽ ደውዪ። የጽሑፍ መልእክት ለዚህ አይሆንም። ንግግሩን አሳጥሪው፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ ‹‹እማ፣ ለቁልቢ እየመጣን ነው። ቤቱ እንደሚሞላ አውቃለሁ። አንቺ አልጋሽን ለቀሽልኝ በዚህ ጉልበትሽ መሬት ስትተኚ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለመኝታ ብቻ ከዚራ ክፍል ይዘናል። ከመኪና ወርደን ቀጥታ የምንመጣው አንቺ ጋ ነው። ምሳውም ቡናውም አንቺ ጋ ነው።›› እዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ጉልበቷ የምር እንደሚያሳስብሽ ደብዳቤሽ ላይ ይታያል።

ትቆጣለች። የድሬ ቁጣ እንዴት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ‹‹አቦ ሂጂልኝ!›› ብላ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ልትዘጋው ትችላለች። አትደንግጪ፤ ማብራሪያም አትደርድሪ። በማግስቱ ስለ ሆቴሉ ምንም ሳታነሺ ‹‹ከዚህ ምን ላምጣልሽ?›› ብለሽ ደውዪ። ያን ሁሉ እንግዳ የምታበላው እሷ ናት፤ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቅቤውን ቀደም አድርገሽ ብትልኪላት ጥሩ ነው። (ቡና ተሸክመሽ ወደ ሐረርጌ እንዳትሄጂ ብቻ።) የሆቴሉን ሒሳብ አስልቶ ‹‹ያን ብር ለእማ ብትሰጣት›› የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ ካለም አፉን ይይዛል።

ከአምስቱ ሌሊት ግን አንዱን እሷ ቤት እደሩ። የቱን? የ19ን ዋዜማ። በዚያ ሌሊት ማንም አይተኛም። ገና ሳይነጋ የደንገጎን ዳገት ለመውጣት የሚነሳው ብዙ ነው፤ ቤቱ ውስጥ መብራት አይጠፋም። ስንቅ ይቋጠራል፣ ጋቢ ይፈለጋል፣ እንቢ ብሎ የሚቀሰቀስ ልጅ አለ። እንቅልፍ የማይወስደው ባልሽ በዚያ ሌሊት ከማንም አይለይም። ከአክስትሽ ደጅ፣ ከእሷ ጋር በአንድ መኪና ስትነሱ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ለእሷ ከቀሩት ሌሊቶች ሁሉ ይህቺ አንዷ ትበልጥባታለች። በ19 ማታ ደክማችሁ ስትመለሱ ወደ ሆቴላችሁ ብትገቡ የሚቀየም አይኖርም።

ለመንገዱ ወፍራም ልብስ ያዙ። ድሬ በቲሸርት ያመሸ ሰው ቁልቢ ደጋው ላይ ሲንቀጠቀጥ ያነጋል። ባለቤትሽን መኪናው ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አጠገብ አስቀምጪው። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ለገብርኤል ምስጋና ብለው ቤተ ክርስቲያኑን እንዴት እንዳሠሩት የሚተርክለት አያጣም። ዝምተኛ ሰው ወሬ የሚወድ ሽማግሌ አጠገብ ሲቀመጥ ይመቸዋል፤ የሚጠበቅበት ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሆቴሉ ቦታ ልምጣ። ከዚራ ቆንጆ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ የባቡሩ ሰዎች ቀጥ ቀጥ አድርገው የቀየሱት ሰፈር ነው፤ ዛፉ ዛሬም ለእግረኛ ጥላ ይሰጣል። ለእናንተ ጉዳይ ግን ውበቱ ሁለተኛ ነው። ጥሩ ቦታ የምለው ለአክስትሽ ደጅ የሚቀርበውን ነው። ቀፊራ ከደቻቱ ማዶ ነው። በታኅሣሥ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በባጃጅ ወዲያው ትደርሳላችሁ፣ በጠዋቱ አየር በእግርም ይሞከራል። ሆቴሉ ከከተማ ወጣ ያለ ቢሆን ኖሮ መዋኛም ቢኖረው ‹‹ሰርዢው›› እልሽ ነበር። ሲርቅ ለመሄድ ታመነታላችሁ፣ ከሄዳችሁ በኋላም ለመመለስ ትቸኩላላችሁ። አክስትሽ የምትፈራው እንግድነት ያኔ ይመጣል።

ቅርብ መሆኑ ለባለቤትሽ የሚሰጠው ትልቁ ነገር የከሰዓቱ ጊዜ ነው። ታውቂዋለሽ፤ ድሬ ከምሳ በኋላ ታርፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጋደም ይላል፣ ቃሚው በርጫ ላይ ይቀመጣል። የአክስትሽ ልጆች ባልሽን ‹‹ና፣ ቁጭ በል›› ማለታቸው አይቀርም። ቃሚ ካልሆነ ትንሽ ተጫውቶ ‹‹ጋደም ልበል›› ብሎ ቢነሳ ነውር የለውም። በዚያ ሰዓት ከተማው በሙሉ ጋደም ብሏል። ክፍሉ ሄዶ በሩን ይዝጋ፣ ዝም ይበል፣ ይተኛ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለቡናው ይመለስ። አክስትሽ ዓይን ውስጥ ምሳ ላይም ነበረ፣ ቡና ላይም አለ።

ቁርስን ደግሞ ሆቴሉ ውስጥ ባትበሉ ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ አመል ነው፤ ትኩስ ሳምቡሳ በየጥጉ በሚጠበስበት ከተማ የሆቴል ዳቦና ማርማላታ አይገባኝም። አንድ ሁለት ጠዋት ከመንገድ ላይ ሳምቡሳውን ጠቅልላችሁ አክስትሽ ቤት ይዛችሁ ግቡ። ገና ሰው ሳይነቃ እናንተ ሻይ ለመጣድ ደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ‹‹ሆቴል ነው የሚያድሩት›› የሚል ሰው ቢኖር ማን ይሰማዋል?

የሆቴሉን የራሱን ነገር ቶሎ ልበልልሽ። በዚያ ሰሞን ክፍል ለተሻለ ከፋይ አሳልፎ የሚሰጥ ስለማይጠፋ ቀብዱ ብቻ አያስተማምንም። በቴሌብር የላክሽበትን ደረሰኝ አስቀምጪ። ገንዘቡን የተቀበለሽን ሰው ስም ያዢ፤ ልትነሱ ስትሉ እንደገና ደውዪ። የተስማማችሁበት ዋጋ ለአምስቱም ሌሊት መሆኑን፣ 18ና 19ን ጨምሮ፣ በግልጽ ጠይቂ። ዋዜማውን ሌላ ቦታ ብታድሩም ክፍሉ እንዲጠበቅላችሁ ንገሪያቸው፤ ሒሳቡን መክፈላችሁ አይቀርም። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አላቸው? መብራት ሲሄድስ ጄኔሬተር? ባሩ ማታ ማታ ሙዚቃ የሚያደምቅ ከሆነ ክፍላችሁ በግቢው ጀርባ ይሁን፤ እንቅልፍ ፍለጋ ሄዳችሁ ድምፅ ማጉያ ሥር ማደር ይመጣል። ለኤሲ ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ። በግንቦት ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ በታኅሣሥ ቬንትሌተር ይበቃል። አጎበር ግን ጠይቂ፣ የትንኝ ቅባትም ያዢ፤ ድሬ ወባም ደንጊም ታውቃለች። የሁለታችሁም መታወቂያ አይረሳ። በባቡር የምትሄዱ ከሆነም የአሁኑ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ከሆቴላችሁ በእግር የሚደረሰው ለገሃር አሮጌው ስለሆነ ከጣቢያው የሚያመጣችሁ መኪና ወይ ባጃጅ አስቡ።

ሌላም ሐሳብ አለኝ፤ አክስትሽን ወደ ሆቴሉ ጋብዣት። ከ19 በኋላ እንግዳው ሲበተን፣ አንድ አመሻሽ ላይ። ግቢው ውስጥ ሻይ ጠጡ፣ ክፍሉንም አሳያት። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ፣ ትራሱን ዳብሳ ‹‹ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምትከፍሉት?›› ትልሻለች። ትበል። ገብታ ካየችውና ከነቀፈችው ቤት ጋር መጣላቷ ያበቃል። ደግሞስ ስንት ዓመት ለሰው ስትቀዳ የኖረች ሴት አንድ ቀን ቁጭ ብላ ሲቀዳላት ምን አለበት?

አንቺና አክስትሽ ብቻችሁን የምትሆኑበት ሰዓትም ያ ነው። የልጁን ነገር ንገሪያት አልልሽም። ጉዳዩ የባለቤትሽም ስለሆነ ቀድመሽ እሱን ማማከር አለብሽ። ግን አስቢበት። እናት ሆና ያሳደገችሽ ሰው ይህን ከአንቺ አፍ ብትሰማ ይቀልሻል ወይስ ይከብድሻል? እሷ ካወቀች ሌላው ዘመድ ‹‹ምነው ልጅ?›› ሲል አንቺ መልስ መፈለግ አይጠበቅብሽም። እንዲህ ያለች ሴት በአንድ ግልምጫ ሳሎን ሙሉ ሰው ዝም ታሰኛለች። ለመንገር ዝግጁ ካልሆንሽ ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር አንድ አጭር መልስ ተስማሙ። ‹‹እሱ በፈቀደ ጊዜ፤ እናንተም ጸልዩልን›› ብላችሁ ወሬውን ወደ ሌላ አዙሩት። ሁለታችሁም ያንኑ ቃል ብትሉ ጥሩ ነው። የተለያየ ከመለሳችሁ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

የተረፈውን አንድ ቀን ለራሳችሁ ያዙት። ሐረር ቅርብ ነው፤ ጠዋት ወጥታችሁ ጀጎልን ዞር ዞር ብላችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ባልሽ ያደግሽበትን አገር ከአንቺ አንደበት ብቻ የሚሰማበት ቀን ቢኖረው ደስ ይለኛል። ለአክስትሽ ሙሸበክ፣ ያን ጣፋጭ፣ ይዛችሁላት ተመለሱ።

እምቢ ብትልሽስ? ‹‹ሆቴል ካደራችሁ ቤቴ አትምጡ›› ብትልስ? በስልክ አትከራከሪያት። ከቤተሰቡ ቃሏን የምትሰማው ሰው ይኖራል፤ ታላቅ ወንድሟ፣ የንስሐ አባቷ ወይ የቅርብ ጎረቤቷ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ደውለሽ ነገሩን አስረጂው፤ ጉልበቷን አንሺለት። እስከ መንገዳችሁ ዋዜማ ካልበረደች የ19ን ዋዜማ ጨምራችሁ ሁለት ሌሊት እሷ ጋ እደሩ፤ ሦስቱን ሆቴል። ከዚያ በታች ግን አትውረጂ። እሷ መሬት፣ አንቺ አልጋዋ ላይ ሆናችሁ አምስት ሌሊት ከምታሳልፉ ለሁለት ቀን ብታኮርፍሽ ይሻላል። ስልኩን ዛሬ ማታ ደውዪላት፤ የአክስትሽ ልጅ ሳትቀድምሽ።